የሾተላይ መርፌ አንዱ ይበቃል? የልጅን ደም በእናት ደም ውስጥ ስለመቁጠር

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። የመጀመሪያ ልጇን በወለደች በማግስቱ ቴሌግራም ላይ ጻፈችልኝ። «እታለም፣ ሮዜት የሚሉት ምርመራ ፖዘቲቭ ሆነ አሉኝ። ሌላ ምርመራ ደግሞ እየተሠራ ነው። መርፌው አንድ ላይበቃ ይችላል ብለውኛል። ምን አግኝተውብኝ ነው?»

ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ መልሱን ለመጻፍ አልዘገየሁም። «አትደንግጪ፣ የልጅሽን ደም ነው አንቺ ውስጥ ያገኙት። አሁን ምን ያህል እንደሆነ እየቆጠሩ ነው።»

እሷ ግን ይበልጥ ደነገጠች። «የልጄ ደም እኔ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ልክ ነች። ለጥያቄዋ አንድ መስመር አይበቃም ነበር። ያን ቀን በስልክ ያወራሁላትን አሁን አስፍቼ ልጻፈው። አር ኤች ኔጌቲቭ የሆነች ሴት ሁሉ ልታውቀው ይገባል ብዬ ስለማምን ነው።

ከሾተላይ ልጀምር። እናቶቻችን ታሪኩን ያውቁታል። የመጀመሪያው ልጅ በሰላም ይወለዳል። ሁለተኛው ሆድ ውስጥ ይሞታል፣ ወይም ቢጫ ሆኖ ተወልዶ በቀናት ውስጥ ያልፋል። ሦስተኛውም እንዲሁ። ሴትየዋ ሾተላይ አለባት ይባላል። ጠበል ትሄዳለች፣ ትሳላለች። ከብዙ ሐዘን በኋላ አንዱ ከተረፈ ምትኩ ወይም ካሳ ተብሎ ስም ይወጣለታል። ተደጋግሞ የሚመጣ የልጅ ሞት ሁሉ መነሻው የደም ዓይነት አይደለም። ኢንፌክሽንም፣ ሌላ በሽታም አለ። ነገር ግን የመጀመሪያው ድኖ ተከታዮቹ ሲጠፉ የደም ዓይነትን መጠርጠር ግድ ነው። ዛሬ በየጤና ተቋሙ ሾተላይ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ይኸው የአር ኤች አለመጣጣም ነው። መርፌውንም ሰው የሚያውቀው «የሾተላይ መርፌ» ብሎ ነው። ፋርማሲ ውስጥ ስሙ አንቲ-ዲ ነው።

የአር ኤች ነገር እንዲህ ነው። የብዙ ሰው ቀይ የደም ሴል ላዩ ላይ ዲ የሚባል ምልክት አለው። ያለው ሰው ፖዘቲቭ፣ የሌለው ኔጌቲቭ ይባላል። እናት ኔጌቲቭ ሆና አባት ፖዘቲቭ ከሆነ ልጁ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። የልጁ ደም ወደ እናቱ ደም ከገባ የእናት ሰውነት ያንን ዲ አይቶት አያውቅም። እንግዳ ነው ይለዋል። መከላከያ ይሠራበታል። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ አይነካም። መከላከያው ግን አይረሳም። በቀጣዩ እርግዝና የእንግዴ ልጁን አልፎ ፅንሱ ጋ ይደርስና ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈርሳቸዋል። ልጁ ደም ያንሰዋል፣ ያብጣል፣ ቢጫ ይሆናል።

የእናትና የልጅ ደም አይገናኝም ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። በመሠረቱ እውነት ነው። የእንግዴ ልጁ ምግብና ኦክስጅን ያሳልፋል እንጂ ደም ለደም አያቀላቅልም። ግን የእንግዴ ልጁ ግድግዳ ስስ ነው። እዚህም እዚያም ትንሽ ትንሽ ያፈሳል። በጥንቃቄ ከተፈለገ በአብዛኞቹ እርግዝናዎች በአንዱ ጊዜ ወይም በሌላው ጥቂት የፅንስ ሴል እናቲቱ ደም ውስጥ ይገኛል። ብዙውን ጊዜ መጠኑ ከአንድ ጠብታ ያንሳል። ትልቁ መፍሰስ የሚከሰተው የእንግዴ ልጁ ሲላቀቅ ነው። ይኸውም በወሊድ ሰዓት፣ በውርጃ፣ ሆድ በተመታ ጊዜ፣ ፅንስ በተዘዋዋሪ ቦታ ሆኖ ሐኪም በእጁ ሲያዞረው፣ ወይም የእንግዴ ልጁ ከጊዜው በፊት ሲለቅ ነው።

አንቲ-ዲ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። የእናት ሰውነት የልጁን ሴል አይቶ ከመነቃቱ በፊት መርፌው ቀድሞ ይደርሳል። ውስጡ ያለው ከሌሎች ሰዎች ደም የተገኘ የዲ መከላከያ ነው። የልጁን ሴሎች ይይዛቸዋል፣ ከደም ውስጥ ተጠርገው እንዲወጡ ያደርጋል። እናቲቱ የራሷን መከላከያ ለመሥራት ጊዜም ምክንያትም አታገኝም። መርፌው አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የተፈቀደው በ1968 ነው። ከዚያ በፊት ከአስር ተጋላጭ እናቶች አንዷ ወይም ሁለቷ መከላከያ ትሠራ ነበር። ከወሊድ በኋላ መርፌው ሲሰጥ ቁጥሩ ከመቶ ወደ አንድ ሁለት ወረደ። በ28ኛው ሳምንት ተጨማሪ ሲሰጥ ደግሞ ከመቶ አንድም የማይሞላ ሆነ። በሕክምና ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ውጤት ያመጣ መርፌ ብዙ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። መርፌው ልክ አለው። በብዙ አገር የተለመደው 300 ማይክሮግራም የሚይዘው ነው። ይህ መጠን ሊጠርግ የሚችለው 30 ሚሊ ሊትር የልጅ ደም ነው። ከሁለት የሾርባ ማንኪያ አይበልጥም። የፈሰሰው ከዚያ በታች ከሆነ አንዱ መርፌ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ አይበቃም። የተረፈው የልጅ ሴል እናቲቱን ያነቃታል። «መርፌ ወስጃለሁ እኮ» ብላ ተረጋግታ በቀጣዩ እርግዝና ችግሩ ይጠብቃታል።

ከ30 ሚሊ ሊትር በላይ የሚፈስባቸው እናቶች ከ1000 ሦስት ያህል ናቸው። ትንሽ ይመስላል። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ለሠራ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። ደግሞም ብዙዎቹ በዓይን አይለዩም። ምጡ ቀላል፣ ወሊዱ ሰላም ሆኖ ልጁ ብዙ ደም ወደ እናቱ አፍስሶ ሊሆን ይችላል። እናቲቱን በማየት ብቻ ማወቅ አይቻልም። መቁጠር ያስፈልጋል።

የአክስቴን ልጅ ያስደነገጣት የመጀመሪያው ምርመራ ሮዜት ይባላል። ስሙ የመጣው ከጽጌረዳ ነው። በማይክሮስኮፕ ስታዩት ለእኔ አደይ አበባን ነው የሚመስለኝ፤ መሃሉ ላይ አንድ እምቡጥ፣ ዙሪያውን ቅጠል። አሠራሩን ስሙኝ፤ በጣም ብልህ ነው።

ከእናቲቱ ክንድ ደም ይቀዳል። እናቲቱ ኔጌቲቭ ስለሆነች የእሷ ሴሎች ላይ ዲ የለም። ልጁ ፖዘቲቭ ስለሆነ በደሟ ውስጥ የተደበቁት የልጁ ሴሎች ላይ ዲ አለ። ደሙ ላይ አንቲ-ዲ ይጨመርበታል። አንቲ-ዲ የእናቲቱን ሴሎች አልፎ የልጁን ሴሎች ብቻ ይይዛል። አንድ የመከላከያ ሞለኪውል ሁለት እጅ አለው በሉ። በአንዱ የልጁን ሴል ይጨብጣል፤ ሌላው እጁ ባዶ ይቀራል። ከዚያ ደሙ በጨው ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል። ያልተያዘው አንቲ-ዲ ጠርቶ መውጣት አለበት። ቀጥሎ ጠቋሚ የሚባሉ፣ ዲ ያላቸው ሴሎች ይጨመራሉ። ያ ባዶ እጅ እነሱን ይይዛል። በአንድ የልጅ ሴል ዙሪያ ጠቋሚዎቹ ይሰበሰባሉ። አበባው ተሠራ ማለት ነው።

አጠባው ከተበላሸ ሁሉም ነገር ይበላሻል። የተረፈው አንቲ-ዲ ጠቋሚዎቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፣ ወይም የልጁን ሴሎች ሳያገኙ በፊት እጃቸውን ይይዝባቸዋል። ሥራ የጀመረ ልጅ ይህን ደረጃ እየተቻኮለ ሲያልፍ ሳይ ሁልጊዜ እመልሰዋለሁ።

ሮዜት የሚመልሰው አዎ ወይም አይደለም ብሎ ነው። ወደ 10 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ የልጅ ደም ካለ ይይዘዋል። ከዚያ በታች ያለውን ላያየው ይችላል፤ ግን አንዱ መርፌ 30 ስለሚጠርግ ችግር የለውም። ኔጌቲቭ ከሆነ አንድ መርፌ ተሰጥቶ ነገሩ ያልቃል። ፖዘቲቭ ከሆነ ግን «ብዙ ነው» አይልም። «ቁጠሩ» ነው የሚለው። የአክስቴ ልጅ ያልተነገራት ይህ ነበር። ፖዘቲቭ የሚለውን ቃል ሰው እንደ በሽታ ይሰማዋል፤ ለአራስ ሴት አንድ ደቂቃ ወስዶ ማስረዳት ምን ያህል እንቅልፍ እንደሚያድን እኔ አውቃለሁ።

ሮዜት የሚሳሳትባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዳንድ ሰው ዲ አለው፤ ግን ደካማ ነው። በተራው የደም ዓይነት ምርመራ ኔጌቲቭ ሊመስል ይችላል። እናቲቱ እንዲህ ከሆነች የራሷ ሴሎች ሁሉ አበባ ይሠራሉ። ስላይዱ በአበባ ይሞላል። ላብራቶሪው ያን ሲያይ ልጁ ደሙን በሙሉ አፈሰሰ ብሎ መደንገጥ የለበትም፤ የእናቲቱን የደም ዓይነት እንደገና ማየት ነው ያለበት። ደካማ ዲ ያለው ልጁ ከሆነ ደግሞ አበባው ላይሠራ ይችላል። ልጁ ኔጌቲቭ ከሆነማ ምርመራው ትርጉም የለውም፤ መርፌውም አያስፈልግም።

ሁለተኛው ምርመራ እኔ በጣም የምወደው ነው። ክላይሃወር-ቤትከ ይባላል። ሐኪሞች አሳጥረው ኬ ቢ ይሉታል። ክላይሃወር፣ ብራውንና ቤትከ የተባሉ ጀርመናውያን በ1957 ያወጡት ዘዴ ነው። ሮዜት የሚፈልገው ዲን ነው። ኬ ቢ ግን የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ፅንስ ብቻ በብዛት የሚይዘውን ሄሞግሎቢን።

ቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው። ፅንስ የራሱ ዓይነት አለው። ኦክስጅኑን ከእናቱ ደም ላይ መንጠቅ ስላለበት የእሱ ሄሞግሎቢን ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል። ይህ የፅንስ ሄሞግሎቢን አሲድን ይቋቋማል። የአዋቂ ሰው ሄሞግሎቢን ግን በአሲድ ይሟሟል። ጠቅላላው ምርመራ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ሁለት ባለቀለም ጨርቅ አንድ ባልዲ ውስጥ ስትነክሩ አንዱ ቀለሙን ይለቃል፣ ሌላው አይለቅም። እንደዚያ ነው። ከእናቲቱ ደም ስስ ስሚር፣ ማለትም ቀጭን የደም ቅብ፣ ስላይድ ላይ ይሠራል። ይደርቃል። 80 በመቶ በሆነ አልኮል ይጸናል። ከዚያ ፒኤቹ 3.3 አካባቢ የሆነ አሲዳማ ባፈር (አሲድነቱ ሳይዋዥቅ የሚቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ይነከራል። የእናቲቱ ሴሎች ሄሞግሎቢናቸውን ይለቃሉ። ቅርፊታቸው ብቻ ይቀራል። የልጁ ሴሎች ሄሞግሎቢናቸውን እንደያዙ ይቆያሉ። በመጨረሻ በኢዮሲን ዓይነት ቀለም ይቀባል። ማይክሮስኮፑን ስታዩ የእናቲቱ ሴሎች እንደ ጥላ ደብዝዘው ይታያሉ። እኛ «ጎስት» እንላቸዋለን፤ መንፈስ እንደማለት። በመካከላቸው የልጁ ሴል ደማቅ ሮዝ ሆኖ ያበራል። የመጀመሪያውን ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። በዚያ ሁሉ ደብዛዛ መሃል አንዲት ትንሽ ሮዝ ነገር! የሰው ልጅ ገና ከተወለደ አንድ ሰዓት ሆኖት ደሙ እናቱ ክንድ ውስጥ ነበር።

ከዚያ መቁጠር ነው። ጎስቶቹም ሮዞቹም ተደምረው 2000 ሴል ይቆጠራል። አድካሚ ነው። ዓይን ያደክማል፣ አንገት ያማል። ሂሳቡ ግን ቀላል ስለሆነ አብረን እንሥራው።

የአክስቴ ልጅ ውጤት 14 ሮዝ ሴል ከ2000 ነበር። በመቶ ሲሰላ 0.7 ይሆናል። የአንዲት እናት ደም 5000 ሚሊ ሊትር ነው ተብሎ ይገመታል። የዚያ 0.7 በመቶ 35 ሚሊ ሊትር ነው። በአጭሩ መቶኛውን በ50 ማባዛት ይበቃል። 35 ለ30 ሲካፈል 1.17 ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ የሚሠራበት ደንብ ቁጥሩን ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር አምጥታችሁ አንድ ጨምሩ ይላል። 1.17 ወደ 1 ይጠጋል፤ አንድ ሲጨመር ሁለት። 2.67 ቢሆን ኖሮ 3 ሆኖ ሲጨመርበት አራት መርፌ ይሆን ነበር። ስለዚህ እሷ ሁለት ወሰደች።

«ለምን አንድ ትርፍ ይጨመራል?» ብላ ጠየቀችኝ። ምክንያቱ ቆጠራው ሸካራ ስለሆነ ነው። ከ2000 ውስጥ አንድ ሴል ማለት 2.5 ሚሊ ሊትር ደም ማለት ነው። እኔ 14 ያልኩትን ጓደኛዬ 18 ሊለው ይችላል። ስሚሩ ወፍራም ከሆነ፣ ባፈሩ ከቆየ፣ ቀለሙ ከደከመ ውጤቱ ይዋዥቃል። መርፌው ትንሽ ቢበዛ እናቲቱን አይጎዳትም፤ ካነሰ ግን የሚጎዳው ገና ያልተጸነሰ ልጅ ነው። ወደ መብዛት ማድላቱ ልክ ነው።

5000 ሚሊ ሊትር የሚለውም ግምት ነው። 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት ያን ያህል ደም የላትም፤ 3500 አካባቢ ብትይዝ ነው። ለቀጭን እናት ግምቱ መፍሰሱን ያበዛዋል። ይህ አይጎዳም። በጣም ወፍራም ለሆነች እናት ግን ያሳንሰዋል። ለሷ ክብደቷን ይዞ ማስላት ይሻላል።

ኬ ቢም ይሳሳታል። ከፅንስ ሌላ የፅንስ ሄሞግሎቢን የሚይዙ አዋቂዎች አሉ። ሲክል ሴል ወይም ቤታ ታላሴሚያ የሚባሉት የደም በሽታዎች፣ ወይም በዘር የሚወረስ ከፍ ያለ የፅንስ ሄሞግሎቢን ያለባቸው እናቶች የራሳቸው ሴሎች ሮዝ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ያሉት ብዙውን ጊዜ ድምቀታቸው የተለያየ ነው፤ አንዱ ደብዘዝ፣ ሌላው ደመቅ ይላል። የለመደ ዓይን ይጠረጥራል። የደም ዓይነት ልዩነትም ሌላ ወጥመድ ነው። እናት ኦ፣ ልጅ ኤ ከሆነ እናቲቱ ከልጅነቷ ጀምሮ ኤን የሚያጠቃ መከላከያ አላት። የገቡትን የልጁን ሴሎች በፍጥነት ታጠፋቸዋለች። ደሙ ዘግይቶ ከተቀዳ የሚቆጠር ነገር ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ናሙናው የእንግዴ ልጁ ከወጣ አንድ ሰዓት አካባቢ ሲሆነው፣ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ መቀዳት አለበት።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ስህተት ግን የቱቦ መለዋወጥ ነው። ከእትብት የተቀዳው ደም የእናት ተብሎ ከመጣ ስላይዱ በሙሉ ሮዝ ይሆናል። ቱቦው ላይ ስም የሚጻፈው አልጋው አጠገብ፣ እናቲቱ እያየች መሆን አለበት።

ትልልቅ ማዕከላት ፍሎው ሳይቶሜትሪ ይጠቀማሉ። ሴሎቹ በተራ አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ያልፋሉ። የፅንስ ሄሞግሎቢንን ወይም ዲን የሚይዝ የሚያበራ ምልክት ይደረግባቸዋል። ማሽኑ 50,000ና ከዚያ በላይ ሴል በደቂቃዎች ይቆጥራል። የእናቲቱን ደብዘዝ ያሉ ሴሎችም ከልጁ ይለያል። ከኬ ቢ እጅግ የተሻለ ነው። ማሽኑ ግን ውድ ነው፣ የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል፣ ሌሊት የሚሠራበት ቦታም ጥቂት ነው።

እንግሊዝ አገር ያለው አሠራር ከአሜሪካ ይለያል። እዚያ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ቢያንስ 500 ዩኒት ነው። ይህ 100 ማይክሮግራም ሲሆን የሚሸፍነው 4 ሚሊ ሊትር የልጅ ቀይ ሴል ብቻ ነው። መርፌው ካነሰ መቁጠር ግዴታ ይሆናል። ስለዚህ ቆጠራው ቀጥታ ይሠራል፤ ትልቅ መፍሰስ ከታየ በፍሎው ይረጋገጣል። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል። አንዱ መርፌውን አብዝቶ ቆጠራውን ይቀንሳል፣ ሌላው መርፌውን ቀንሶ ቆጠራውን ያበዛል።

ሰው በጣም የሚያምታታውን ነገር እዚህ ላይ ልለይ። ኢንዳይሬክት ኩምብስ የሚባል ምርመራ አለ። በእርግዝና ክትትል ላይ ይታዘዛል። እሱ የልጅን ደም አይፈልግም። የሚጠይቀው «እናቲቱ መከላከያ ሠርታለች ወይ?» ብሎ ነው። ከሠራች አንቲ-ዲ ምንም አይጠቅማትም፤ ጊዜው አልፏል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ፅንሱን በቅርብ መከታተል ነው። ግን ተጠንቀቁ። በ28ኛው ሳምንት መርፌ የወሰደች እናት በወሊድ ጊዜ ኩምብሷ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። የታየው የመርፌው ትራፊ ነው። በዚህ ምክንያት ከወሊድ በኋላ ያለውን መርፌ የተከለከለች ሴት አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የእርግዝና ካርዳችሁ ላይ መርፌ የወሰዳችሁበት ቀን ይጻፍ።

ቆጠራው ለአር ኤች ኔጌቲቭ ሴቶች ብቻ አይደለም። ኬ ቢ የሚያየው ሄሞግሎቢንን ስለሆነ ለማንኛዋም እናት ይሠራል። ነፍሰ ጡር ሴት የመኪና አደጋ ሲደርስባት፣ ፅንሱ እንቅስቃሴ ሲቀንስ፣ ልጁ ያለ ግልጽ ምክንያት ነጥቶ ሲወለድ፣ ወይም ሆድ ውስጥ ሲሞት መልሱ አንዳንዴ እናቲቱ ደም ውስጥ ነው። በጊዜው የተወለደ ልጅ ጠቅላላ ደሙ ከ250 እስከ 300 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ከዚያ ላይ 100 ቢፈስበት አስቡት። ልጁን ላጣች እናት «ደሙ ወዳንቺ ፈስሶ ነው፤ አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም» ብሎ መናገር መቻል ትልቅ ነገር ነው። በአንጻሩ ኬ ቢ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ የእንግዴ ልጁ አልተላቀቀም ማለት አይቻልም። ያ በሌላ መንገድ ነው የሚታየው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ለሚደርስ ውርጃ ቆጠራ አያስፈልግም። በ12 ሳምንት የፅንሱ ጠቅላላ ደም ከጥቂት ሚሊ ሊትር አይበልጥም። መርፌው ግን ስንት ሳምንት ላይ እንደሚሰጥ የየአገሩ መመሪያ ይለያያልና ሐኪም ይጠየቅ።

ስለ 72 ሰዓትም ብዙ ጥያቄ ይመጣልኛል። መርፌው በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። ካለፈ ግን «በቃ ተበላሽቷል» ብሎ መተው ስህተት ነው። ዘግይቶም ቢሆን የተወሰነ ጥቅም ስላለው ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት። እኛ ጋ አር ኤች ኔጌቲቭ የሆነ ሰው ከመቶ ከአስር በታች ነው፤ ከአውሮፓውያን ያንሳል። ግን የወላዱ ቁጥር ብዙ ስለሆነ በየዓመቱ የሚነካቸው እናቶች ብዙ ናቸው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር የደም ዓይነቷን ማወቋና አንዱን መርፌ ማግኘቷ ነው። ይህን ሳንጨርስ ስለ ቆጠራ ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ግማሹን እስማማለሁ። አንዱ መርፌ ከ1000 እናቶች 997ቱን ይሸፍናል። ለመርፌው መታገል ይቅደም።

ሁለተኛውን ግማሽ ግን አልስማማም። ኬ ቢ ማሽን አይፈልግም። አልኮል፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ፎስፌት፣ ኢዮሲን፣ ስላይድና ማይክሮስኮፕ ነው የሚፈልገው። አብዛኛው በየሆስፒታሉ ላብራቶሪ መደርደሪያ ላይ አለ። የእኛ የላብራቶሪ ባለሙያዎች ደግሞ የወባ ጥገኛ እየቆጠሩ ያደጉ ናቸው። ከደም ስሚር ውስጥ ከሴል እጅግ የሚያንስ ነገር ፈልጎ የሚያገኝ ዓይን ደማቅ ሮዝ ሴል አይስተውም። የሚያስፈልገው ጥቂት ቀን ሥልጠና፣ በየጊዜው ትኩስ ባፈር፣ ግልጽ መመሪያ እና ትዕግስት ነው። ለሁሉም እናት መሥራትም የለብንም። የእንግዴ ልጅ ቀድሞ ለለቀቀባት፣ ሆዷ ለተመታ፣ በቀዶ ጥገና ተቸግራ ለወለደች፣ ልጇ ነጥቶ ለተወለደባት አር ኤች ኔጌቲቭ እናት እንጀምር።

መመዘኛው እንኳ ቅርብ ነው። ኬ ቢ በተሠራ ቁጥር ጎን ለጎን የሚሠራ ማነጻጸሪያ ስላይድ ያስፈልጋል። አንዱ የወንድ ደም ብቻ፣ ሮዝ የማይታይበት። ሌላው የወንድ ደምና የእትብት ደም ተቀላቅሎበት፣ ሮዝ የሚታይበት። የወንዱን ደም እዚያው የሚሠራ ባልደረባ ይሰጣል። የእትብቱ ደም ደግሞ ከማዋለጃው ክፍል፣ ከኮሪደሩ ማዶ፣ እንግዴ ልጁ ሲወጣ በአንዲት ቱቦ ይቀዳል።